የዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ስንት ሚሊ ይቆረጥ? (ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ለሚነዳ)

ጣርማበር_125 | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ያማሃ ዲቲ 125 አለኝ። የድሮው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ቱ ስትሮክ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ነው። ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ገብቶ ወጥቷል፣ ፒስተንና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አዲስ ነው። ሥራዬ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ያመላልሰኛል።

ችግሬ መመለሻው ላይ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ፣ በተለይ ሰው ከኋላ ካፈናጠጥኩ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይቀራል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼው ድምፁ ይታፈናል፣ ጭሱ ይበዛል። ትንሽ ነዳጅ ስቀንስለት ደግሞ የተሻለ ይተነፍሳል፣ ይሄ ነገር ግራ አጋብቶኛል።

ቴስታታውን አስቆርጬ ኮምፕሬሽኑን (ጭመቃውን) ከፍ ላደርግ አስቤያለሁ። አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው «1 ሚሊ ላንሳልህ» አለኝ። ለምን 1? ለምን 0.5 አይሆንም? መልስ አልነበረውም። ይዤው ተመለስኩ። አንዴ ከተቆረጠ መልሶ አይለጠፍም፣ መለዋወጫውም እንደልብ አይገኝም። የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ፍጥነት_ወዳድ | ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ወንድሜ አትፍራ አስቆርጠው። እኔ ያማሃ ኤጂ 100 ነው ያለኝ፣ 1 ሚሊ አስነሥቼ ሁለት ዓመት ነዳሁት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ምንም አልሆነ። ከመብራት ሲነሳ ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል። ቴስታታው ላይ 1 ሚሊ ምንም ማለት አይደለም።

ቶርኖ_ቤት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ልጆች፣ እኔ ቶርኖ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሚሊ ብቻውን መልስ አይሆንም። አንዱ ሞተር ላይ 1 ሚሊ ምንም አይልም፣ ሌላው ላይ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል። ምክንያቱን ላስረዳ።

ቴስታታውን ገልብጠህ እየው። መሃሉ ላይ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ቦታ አለ፣ እሳቱ እዚያ ነው የሚነደው። በሳህኑ ዙሪያ ደግሞ እንደ ቀለበት የሚዞር ጠርዝ አለ። ስኩዊሽ የሚባለው እሱ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲደርስ በዚህ ጠርዝ ሥር ያለውን ቤንዚንና አየር ጨምቆ ወደ መሃል ይረጨዋል። ድብልቁ ይናወጣል፣ ቶሎ ነዶ ያልቃል፣ ጥግ ላይ ቀርቶ ዘግይቶ በራሱ ጊዜ የሚፈነዳ ነገር አይኖርም። ስኩዊሹ በትክክል ሲሠራ ሞተሩ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ሳያንኳኳ ይሸከማል። ከፒስተኑ በጣም ሲርቅ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። የስኩዊሹ ጠርዝ ጋስኬቱ ከሚያርፍበት ፊት እኩል ከሆነ፣ ሁሉንም አብረህ ስትቆርጥ የሚቀንሰው የሳህኑ ጥልቀት ብቻ ነው። ጠርዙ ከፒስተኑ ያለው ርቀት አይለወጥም፣ እሱን የሚወስነው የጋስኬቱ ውፍረት ነውና። ጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ከሆነ ግን፣ የዲቲ ቴስታታ በእጄ ያለፉት እንደዚያ ናቸው፣ ከፊቱ ላይ ያነሣሃት እያንዳንዷ 0.1 ሚሊ ጠርዙን 0.1 ሚሊ ወደ ፒስተኑ ታስጠጋዋለች። እንግዲህ ርቀቱ ስንት እንደሆነ ሳይለኩ 1 ሚሊ ማንሣት በጨለማ መዝለል ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለካና ና። አንደኛ የስኩዊሹን ርቀት። የብየዳ ቆርቆሮ ሽቦ፣ ለስላሳውን፣ 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ፈልግ። በፒስተኑ አናት ላይ በፒኑ (ፒስተኑን ከቢየላው በሚያያይዘው ዘንግ) መስመር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አጋድመው፣ በትንሽ ግሪስ አስይዘው፣ ቴስታታውን ከነጋስኬቱ እሰርና በእጅህ አንድ ዙር አዙረው። ፍታና የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር ለካ። በፒኑ መስመር የምልህ ፒስተኑ ወደ ሌላው አቅጣጫ ስለሚወዛወዝ ነው።

ሁለተኛ የሳህኑን ይዘት። ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርሰው፣ ዙሪያውን በስሱ ግሪስ ቀባና ቴስታታውን እሰር። የካንዴላው (የእሳት መስጫው) ቀዳዳ ከሁሉም ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ሞተሩን አዘንብለው። ዘይትና ነጭ ጋዝ ቀላቅለህ በስሪንጅ አስገባ። ፈሳሹ የካንዴላው ጥርስ የሚያልቅበት ታችኛ ጫፍ ላይ ሲደርስ አቁም። ስንት ሲሲ ገባ? ቁጥሩ እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ፒስተኑ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ልክ ሲዘጋ ከጫፍ ስንት ሚሊ ይወርዳል የሚለውን ለካ።

ሰላም_ኤጂ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

ጋሼ ቶርኖ ቤት፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። እኔ የክትባት ሥራ ላይ ነኝ፣ የምነዳው የመሥሪያ ቤት ኤጂ 100 ነው፣ ቦታው ደጋ ነው። ጋራዥ ወስጄው ኮምፕሬሽኑን በጌጅ ለኩትና 90 ፒኤስአይ አሳየ። «ፋሻው አልቋል፣ 120 መሆን ነበረበት» አሉኝ። ፋሻ ከተቀየረ ግን ገና ስድስት ወሩ ነው። ቴስታታ ማስቆረጥ ለዚህም ይረዳል?

ቶርኖ_ቤት | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

እህቴ ሰላም፣ ፋሻሽን አትንኪው። ጌጁ ያለሽበትን ከፍታም አብሮ ነው የሚለካው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 76 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ወደ 72 ይወርዳል። ሞተሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ከታች 120 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 90 ገደማ ያሳያል። ስንት ደህና ፋሻ በዚህ ምክንያት ተጥሏል! ስትለኪ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍተሽ ለኪ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ይዋሽሻል። ከዚያ ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጠብ አድርገሽ ድገሚው። ብዙ ካልጨመረ ፋሻው ደህና ነው።

ጣርማበር_125 | ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አድርጌ ለካሁ። ስሪንጁን ከፋርማሲ ገዛሁ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ የማምነውን ይዣለሁ።

የስኩዊሹ ርቀት በአንዱ በኩል 1.6፣ በሌላው 1.65 ሚሊ። ይዘቱ 11.5 ሲሲ። የጭስ መውጫው ሲዘጋ ፒስተኑ ከጫፍ 29 ሚሊ ወርዷል።

አሁን ስሌቱ ላይ ተጣበቅኩ። የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሊ፣ ምቱ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት) 50 ሚሊ፣ ስለዚህ 123 ሲሲ። 123 ሲደመር 11.5፣ ለ11.5 ሲካፈል 11.7 ይመጣል። ይሄ እኮ ከፍተኛ ነው! መጽሐፉ ላይ 7 ምናምን ነው የማየው። የት ጋ ተሳሳትኩ?

ቶርኖ_ቤት | ረቡዕ፣ ማታ 4፡00

አልተሳሳትክም፣ ሁለት አቆጣጠር ስላለ ነው። ቱ ስትሮክ ላይ ፒስተኑ መውጣት እንደጀመረ የጭስ መውጫው ገና ክፍት ነው። ክፍት በር ያለው ቤት ውስጥ ምን ይጨመቃል? እውነተኛው ጭመቃ የሚጀምረው ቀዳዳው ሲዘጋ ነው። ጃፓኖቹ የሚጽፉት ከዚያ ጀምሮ ቆጥረው ነው፣ አውሮፓውያን ብዙ ጊዜ ሙሉውን ምት ይቆጥራሉ። ሁለቱን ቀላቅሎ «የእኔ 12 ነው፣ ያንተ 7 ነው» እየተባባለ የሚጣላ ስንት ሰው አለ።

በ29 ሚሊህ አስላው። 71.4 ሲሲ ይሆናል። ሲደመር 11.5፣ ለ11.5 ሲካፈል 7.2። ሞተርህ ሳይነካ እንደወጣ ነው ያለው።

0.5 ሚሊ ብታነሣ 1.23 ሲሲ ይቀንሳል፣ ይዘቱ 10.27 ይሆናል፣ ኮምፕሬሽኑ 7.95 ላይ ይወጣል፣ ስኩዊሹም 1.1 ሚሊ ይሆናል። ለ125 በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር 1.1 ጥሩ ቦታ ነው። 1 ሚሊ ብታነሣ ግን ስኩዊሹ 0.6 ይቀራል። ሞተሩ ሲግል፣ ቢየላው ሲለጠጥ፣ ኩሽኔታው ትንሽ ክፍተት ካለው ፒስተኑ ቴስታታውን ይነካል። ያ ቶርኖ ቤት የነገረህን ብታደርግ ኖሮ አሁን ሌላ ጥያቄ ነበር የምትጽፈው።

የሸዋ_ሮቢት_ልጅ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡10

እኔ ከዚሁ መንገድ ከታችኛው ጫፍ ነኝ፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ጣርማበር እባክህ ይሄን ሳታነብ ቴስታታህን እንዳታስነካ።

ባለፈው ዓመት የእኔን ዲቲ ደብረ ብርሃን አስቆረጥኩ። ስንት እንደተነሣ አልተነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እዚያው ላይ ስሞክረው በጣም ደስ ይል ነበር። ቀላል ሆነ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ዳገት ይወጣ ነበር። ከዚያ አንድ ኩንታል ጭኜ ወደ ቤት ወረድኩ። ደብረ ሲናን እስካልፍ ምንም የለም። ቆላው ከገባሁ በኋላ፣ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሜዳው ላይ ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲንኳኳ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። የሰንሰለት መስሎኝ ቀጠልኩ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ሞተሩ ተንፈስ ብሎ ጠፋ።

ስንፈታው የፒስተኑ ዙሪያ ጫፉ ብል እንደበላው ነው። መሃሉ ቀልጦ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ወጥቶለታል። የካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ደቃቅ የብር ነጠብጣብ የመሰለ ነገር ነበር፣ ለካ የቀለጠው አሉሚኒየም ነው። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ሲሊንደር፣ ሁሉም ሄደ። ሦስት ወር በእግሬ ነው የሠራሁት።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን የሞላሁት በሃይላንድ ከሚሸጠው የመንገድ ዳር ቤንዚን ነበር። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ይመስለኛል፣ ሽታው ልክ አልነበረም። ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን በትንሽ ጭመቃ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ቴስታታውን ያስቆረጠ ሰው እንደዚህ ያለ ነዳጅ መንካት የለበትም።

ፍጥነት_ወዳድ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡30

በጣም ያሳዝናል ወንድሜ፣ እንኳን አንተ ተረፍክ። እኔ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም፣ ለዚህ ይሆናል እንዴ ምንም ያልሆነብኝ? ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

ቶርኖ_ቤት | ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን 72 ኪሎ ፓስካል ነው ብያችኋለሁ። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ወደ 87 ነው። በአንድ መንገድ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ግፊቱ 20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደጋ ላይ የላላው አየር የተቆረጠውን ቴስታታ ይታገሠዋል። ቆላ ላይ ያው ቴስታታ ወፍራም አየር ያገኛል፣ ሙቀቱም ይጨመርበታል። በዚያ ላይ ለደጋ የተመረጠ ጂግለር (የካርቡራቶሩ ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ቆላ ላይ ቤንዚኑ ያንስበታል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ፒስተን አይችልም። ስለዚህ ቴስታታ የሚቆረጠው በምትነዳበት ዝቅተኛው ቦታ ልክ ነው። ከፍተኛው ቦታ ላይ የሚሰማህ ምቾት ያታልልሃል።

ጣርማበር፣ ላንተ ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርህ። ነዳጅ ስቀንስለት ይሻለዋል፣ ጭስም ይበዛል ብለሃል። ይሄ የኮምፕሬሽን ችግር አይመስለኝም፣ ቤንዚን በዝቶበት ታፍኖ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ያንሳል፣ ካርቡራቶሩ ግን የሚያፈሰው ለዝቅተኛ ቦታ በተመረጠው ጂግለር ነው። ቴስታታውን ሳትነካ መጀመሪያ ዋናውን ጂግለር አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርገህ ሞክረው። የአየር ማጣሪያውን እጠብ። ማርሚታውንም (የጭስ ቱቦውን) ፍታና እየው፣ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ከሆነ ውስጡ በጥላሸት ተደፍኖ ይሆናል።

ከ7.2 ወደ 8 ማሳደግ በስሌት ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው የሚሰጥህ። ጣርማ በር ላይ ከፍታው የወሰደብህ ከ30 በመቶ በላይ ነው። ቴስታታ ይሄን አይመልስልህም። የስኩዊሹ መጥበብ ግን ከታችኛው ዙር ጀምሮ ሞተሩን ያነቃዋል፣ ለዳገት እሱ ይጠቅማል።

ሲምሶን_ኤርፉርት | ዓርብ፣ ቀን 6፡45

ከጀርመን ነኝ። እዚህ ሲምሶን ኤስ 51 አለኝ፣ የምሥራቅ ጀርመን ዘመን 50 ሲሲ ቱ ስትሮክ። የአካባቢው ወጣቶች ስለ ቴስታታ የሚያወሩት ሌት ተቀን ነው፣ በእናት ቋንቋዬ ሳነበው ግን የመጀመሪያዬ ነው፣ በጣም ደስ ብሎኛል። እዚህ አንድ ችግር አለ። ሲምሶን በልዩ ሕግ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲሄድ ተፈቅዶለታል፣ ጉልበቱን ከጨመርክለት ግን የመንገድ ፈቃዱ ይሰረዛል። ስለዚህ የእኔ እንደተሠራ ነው።

ጋሼ ስለ ማርሚታው ያሉትን አስምሩበት። በዚሁ አገር በኤምዜድ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ዋልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ከ125 ሲሲ 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ትልቁ ምሥጢሩ የማርሚታው ቅርፅ ነበር። ከማርሚታው ተመልሶ የሚመጣው የግፊት ማዕበል ሊያመልጥ የነበረውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። የዚያኑ ዓመት የኤምዜድ ጋላቢ የነበረው ኧርንስት ዴግነር ከድቶ እውቀቱን ይዞ ወደ ሱዙኪ ሄደ። በዓመቱ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ጣርማበር_125 | እሑድ፣ ማታ 1፡50

ጂግለሩን መጀመሪያ ቀየርኩ፣ ሁለት ቁጥር ዝቅ። ማርሚታው ጋሼ እንዳሉት ነው፣ የኋላ ቱቦው አመልካች ጣቴን አያስገባም ነበር። በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩትና ጥላሸቱን በሽቦ ጠረግኩት።

ያለ ምንም ቆረጣ ጣርማ በርን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት፣ ብቻዬን ነበርኩ። አላመንኩም። ጭሱም ቀነሰ።

ቴስታታውን ግን አሁንም ላስቆርጠው ነው፣ 0.5። ስኩዊሹ 1.6 ሆኖ እያወቅኩ ዝም ብዬ መተው አልቻልኩም። እንዴት ነው ቶርኖ ላይ የሚታሰረው?

ቶርኖ_ቤት | እሑድ፣ ማታ 3፡10

አደራ፣ ብረት ማርሚታ ላይ በረኪና አትድገም፣ ብረቱን ይበላዋል። ጥላሸት በእሳት ወይም በኮስቲክ ሶዳ ነው የሚወጣው። ኮስቲኩም አሉሚኒየም እንዳይነካ፣ እጅህንና ዓይንህንም ጠብቅ።

ለአያያዙ፣ በክንፎቹ የሚያስር ሰው ካየህ ይዘህ ውጣ። ክንፉ ይሰበራል፣ ፊቱም ቀጥ አይልም። ከብረት ዘንግ አንድ ማሠሪያ ይዘጋጃል። ጫፉ የካንዴላው ጥርስ ይወጣለታል፣ 14 ሚሊ በ1.25። ቴስታታው በካንዴላው ቀዳዳ እዚያ ላይ ይጠመዘዛል። እንደዚያ ሲሆን መሃሉ ከቶርኖው መሃል ጋር ይገጥማል፣ ፊቱም ወለም አይልም። በአንድ ጊዜ 0.1 ብቻ ይነሣ። ሲጨርስ ወፍራም መስታወት ላይ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈህ፣ በውሃ እያራስክ የስምንት ቁጥር ቅርፅ እያዞርክ እሸው፣ ሙሉ ፊቱ አንድ ዓይነት ግራጫ እስኪሆን። የሳህኑን ጠርዝ ሹል አትተወው፣ ሹል ነገር ግሎ እንደ ፍም እሳት ይለኩሳል። አዲስ ጋስኬት አድርግ። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅርፅ በሦስት ዙር አጥብቅ፣ ለ8 ሚሊ ዳዶ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር በቂ ነው።

ካንዴላውን ከቢ8 ወደ ቢ9 ብታደርገው ቆላ ላይ ይቀዘቅዝልሃል፣ ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ደግሞ አንድ ነገር አትርሳ። የዲቲ የዘይት ፓምፕ ከነዳጅ መስጫው ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ዘግተህ በማርሽ ስትይዘው ሞተሩ ይዞራል፣ ዘይት ግን ጠብታ ነው የሚደርሰው። በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ያዝና ነዳጅ ስጠው።

ጣርማበር_125 | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን 9፡20

ተሠራ። ማሠሪያውን የሚያወጣልኝ ሰው ለማግኘት ሦስት ቦታ ዞርኩ። አራተኛው ወጣት ልጅ ነው፣ ጋሼ የጻፉትን ከስልኬ አሳየሁት፣ ሁለቴ አነበበውና «እሺ፣ እንዲህ ከሆነ እሠራዋለሁ» አለ። ቆሜ አየሁት። በአምስት ዙር 0.5 አነሣ።

ስኩዊሹን እንደገና ለካሁ፣ በሁለቱም በኩል 1.1። ይዘቱ 10.3 ሲሲ፣ ኮምፕሬሽኑ 7.9። ሰው አፈናጥጬ ጣርማ በርን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ሁለተኛ መለስኩት።

አሁን የፋብሪካው ጂግለር በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነው። ደብረ ሲና ላይ ሻይ እየጠጣሁ እቀይረዋለሁ፣ አሥር ደቂቃ ነው። ትናንት ሸዋ ሮቢት በቀትር ሜዳው ላይ ሞከርኩት፣ ጠጠር የሚመስል ድምፅ የለም። ሞተሩን አጥፍቼ ካንዴላውን አወጣሁት፣ ቡና በወተት መልክ ነው፣ ሸክላው ላይ ምንም ነጠብጣብ የለም።

የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። የአንተ ቴስታታ ስንት እንደተነሣለት አብረን እንለካው፣ ስሪንጁና ሽቦው እኔ ጋ ነው።

የሸዋ_ሮቢት_ልጅ | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡05

ልኬልሃለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ቴስታታው ተፈትቶ ተቀምጧል።